የሙንተሲር ወፍራም ሳሙና

ሙንተሲርን የማያውቅ የቆቦ ሰው የለም፤ ካለም እሱ ከመወለዱ በፊት አገር የለቀቀ ነው። እኔ፣ ሀጀራ፣ አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት አለኝ፣ የሱ ሳሙና መሥሪያ ደግሞ ከጓሮዬ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ወደድኩም ጠላሁም ቀኑን ሙሉ እሰማዋለሁ። እሱ «ፋብሪካ» ይለዋል። ፋብሪካው በርሜል፣ ረጅም ማማሰያና በሽቦ የታሰረ በር ነው።

ፊት ባጃጅ ይነዳ ነበር። ቀጥሎ ጎብዬ ላይ የሞባይል ካርድ ሸጠ፣ ከዚያ ዋጃ ላይ የሽንኩርት ደላላ ሆነ። ከሁሉም ያባረረው ምላሱ ነው። በመጨረሻ ደሴ ሄዶ የፈሳሽ ሳሙና ሥልጠና ወሰደና፣ ይኸውላችሁ፣ ኬሚስት ሆኖ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ መከራችን ሲኤምሲ የሚባል ነጭ ዱቄት ሆነ። ምሳ ሊበላ የመጣውን ሰው ሁሉ ይዞ ያስተምራል። ዱቄቱ ድሮ ጥጥ ወይም እንጨት ነበር ይላል። ቃጫው በኮስቲክ ሶዳ ይነከራል፣ ቀጥሎ አሲድ ይገባበታል፣ ያን ጊዜ ውሀ አልፈታው ይል የነበረው ነገር ውሀ ውስጥ ይሟሟል፤ ሟሙቶም ውሀውን ያወፍረዋል። ጁስ ውስጥ አለ፣ አይስክሬም ውስጥ አለ፣ የዓይን ጠብታ ውስጥ ሳይቀር አለ ይላል። የራያን የማሽላ አገዳ ከብት ፈጀው እንጂ ከሱም ይወጣ ነበር ብሎ ሲቆጭ ደግሞ ከብቶቹን ሊከስ የተነሳ ነው የሚመስለው። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ደንበኛዬ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው ታዲያ ማማሰል አያውቅም። የኛ አገር ወንድ ገንፎ ሲቀርብ እንጂ ሲገነፋ መች አይቶ! የመጀመሪያ ቀን በርሜል ሙሉ ውሀ አፈላና ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ዘረገፈው። ተጓጎለ። የጓጓሉ ውጪ እንደ ሙጫ ተዝለገለገ፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ቀረ። በአጥሩ ሳይ በዱላ እየቀጠቀጠ የቆቦን ውሀ ይራገማል። ቀዝቃዛ ውሀ ላይ እያማሰሉ ጥቂት በጥቂት መነስነስ፣ አስቀድሞም ከደረቅ ጨው ጋር መቀላቀል፣ ከዚያ እስኪያብጥ ማሳደር እንደሆነ የገባው ስንት ከረጢት ካበላሸ በኋላ ነው። ሲገባው ግን ራሱ የፈለሰፈው አስመስሎ ነገረኝ።

ለነገሩ ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። እኛ ቆቦዎች ሳሙና ስንገዛ ጠርሙሱን እንገለብጣለን። ቶሎ ከወረደ «ውሀ ነው» ብለን እንመልሳለን፤ ከተንቀራፈፈ እሰይ፣ ሳሙና ማለት ይሄ ነው። ቅባት ያስለቅቅ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ዱቄቱ ያወፍራል እንጂ ቅባት አያስለቅቅም፤ የሚያስለቅቀው ሌላ ኬሚካል ነው፣ እሱም ውድ ነው። ሙንተሲር ገበያ ቆሞ ይህን አየና ዱቄቱን ጨመረ፣ ኬሚካሉን ቀነሰ። በመጨረሻ ጠርሙሱን ገልብጠው ቢጠብቁት የማይወርድ ሳሙና አወጣ። አገር አበደለት።

በዚህ መሀል ጀዊሪያን ወደደ። ጀዊሪያ ከባሏ ከተፋታች ወዲህ ስንቱን ሽማግሌ የመለሰች፣ የቅሬያችን፣ ማለት የዕድራችን፣ ዕቃ ኃላፊ ናት። ለሠርግም ለለቅሶም የወጣ ሳህንና ድስት በጣቷ ካልዳሰሰችው ዕቃ ቤት አይገባም። ቅባት ካገኘች ያጠበችውን ሴት በስሟ ጠርታ ሰው ፊት ታስመልሳታለች። ሙንተሲር ሽማግሌ ላከባት። የጎረቤታችን የአራጌ ልጅ ሠርግ ላይ ሳሙናውን ያምጣ፣ ዕቃዬን ሲያጥብ አይቼ መልሴን እሰጣለሁ አለች።

ያን ሳምንት ሙንተሲር ዝም አለ። ወላሂ፣ ታሞ ይሆን ብዬ በአጥሩ አጮለቅሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ሰውዬው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ሳሙና እየሠራ ነበር፤ ኬሚካሉ ሳይሰሰት፣ ዱቄቱ ቁንጥር ብቻ።

የሠርጉ ዕለት ጀሪካኑን ራሱ ተሸክሞ መጣ። ዕቃው ተቆልሏል፣ የበሬው ጮማ ሳህኑ ላይ ረግቶ ነጥቷል። ከአጣቢዎቹ አንዷ ራቢዓ እንደ ልማዳችን ጀሪካኑን ገልበጥ አደረገችው። ሿ ብሎ ወረደ። ሴቶቹ ተያዩና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጀዊሪያ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለአገሩ ሁሉ ወፍራሙን እየሸጥክ፣ ለኔ ውሀ ታመጣለህ?» አለችው።

ዳሱ ሥር የቆመችው ሴት ሁሉ ደንበኛው ናት። ሳሙና ማለት ይሄ ነው፣ እስከ ዛሬ የሸጥኩላችሁ የወፈረ ውሀ ነበር ቢል ገበያው ያልቃል፤ ዝም ቢል ጀዊሪያ ትቀርበታለች። ዙሪያውን አየ። ከዚያ በስህተት ያመጣሁት ነው ብሎ በባጃጅ በረረና ወፍራሙን ይዞ መጣ። ራቢዓ ገለበጠችው፣ አልወርድ አለ። እልልታው ቀለጠ። ጀዊሪያም ፈገግ አለች።

ከዚያማ ማጠብ ነው። ቅባቱ ንቅንቅ አልል አለ። በአመድ ፈተጉት፣ የፈላ ውሀ ደፉበት። ሳሙናውን የጠረጠረ የለም፤ አራጌ ያረደው በሬ ጮማ በዝቶበት ነው ተባለ። ጀዊሪያ ራሷ፣ ጣቷ ላይ ቅባቱ እያብለጨለጨ፣ ያን ቀን አንዲትም ሴት አላስመለሰችም። ለሽማግሌዎቹም እሺ አለቻቸው።

እኔ አንድ ድስት ይዤ ወደ ዳሱ ጀርባ ዞርኩ። ያ ቀጭኑ ሳሙና ከነጀሪካኑ ተጥሎ አገኘሁትና ጠብ አደረግሁበት። ድስቱ ወዲያው ነጣ። ቀና ስል ሙንተሲር ቆሟል። ልስቅበት አሰብኩ፣ ፊቱን ሳየው ሳቁ ጠፋኝ።

«ለሷ ብዬ ነበር እኮ የሠራሁት» አለኝ፤ ጀሪካኑን ከእጄ ወሰደና፣ ጀዊሪያ ሳታየው፣ መሬት ላይ ደፋው።