ሱመይራ የጠየቀችው ጥያቄ

ልጄ ሱመይራ ዲላ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። ጌዴኦኛ የለመደችው በልጅነቷ ጨለለቅቱ ከተማ፣ ከሱቃችን ደንበኞች ጋር ስትጫወት ነው። እኔማ «ትምህርትሽን ያዢ!» እያልኩ እቆጣት ነበር።

አምና አንድ ገበሬ አረፋ እየደፈቀ ከወርቃ አመጡ። ዘመዶቹ «የሚጥል በሽታ ነው» አሉ። ሱመይራ ሚስቱን ለብቻዋ ወስዳ በጌዴኦኛ ጠየቀቻት።

«ምን ጠጣ?»

«ውሃ ነዋ! ከማሳ ገብቶ ከሃይላንዱ ጠጣ።»

«ሃይላንዱ ውስጥ ምን ነበር?»

ሴትዮዋ ራሷን ይዛ ጮኸች። የጎመን ተባይ መድኃኒት ገልብጣበት ኖሯል። ሐኪሙ ቶሎ ማርከሻ ሰጠው፤ ሰውየው ዳነ።

ሲወጡ ሚስቱ «የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት።

«የጨለለቅቱው ባለሱቅ፣ የነዚፍ።»

«ኧረ የእኛ ነሽ!» ብላ አገላብጣ ሳመቻት።

እኔ ሰምቼ ኮራሁ። ባለቤቴ ነዚፍ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ግን ይቆጨኛል።