የማትሸጠው በርጩማ

ዛሬ አንድ የሐመር ሽማግሌ ትንሿን የእንጨት በርጩማቸውን ሲዘረጉልኝ «አልገዛም አባባ» አልኳቸው።

የሳምንቱን ሱፐርቪዥን ጨርሼ ከዲመካ ወደ ጂንካ ስመለስ ነው። ሚኒባሳችን ጎማው ፈነዳ። (ትርፍ ጎማ ነበረን፤ እሱም ቀድሞ የፈነዳ።) ሹፌሩ ጎማውን በሞተር ይዞ ሊያስጠግን ወደ ዲመካ ተመለሰ።

መንገዱ ዳር ያለችውን የአንዲት ግራር ጥላ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ቀድመው ያዙት። እኔ ፀሐይ ላይ ቀረሁ፤ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል።

ሽማግሌው አልተቀየሙኝም። «ይሄ አይሸጥም። እኔ የምተኛበት ነው። ደክሞሃል፣ ተቀመጥ» አሉኝ።

ቀን የሚቀመጡባት፣ ማታ የሚንተራሷት፣ ከእጃቸው የማትለይ በርጩማ መሆኗን አውቃለሁ። ግን ቱሪስት ሲገዛት ከማየት ብዛት የሚዘረጋልኝ ሁሉ ሻጭ ይመስለኛል።

ተቀመጥኩ። እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ።

«አገርህ የት ነው?»

«ደብረ ማርቆስ።»

«እዚያ ከብት አለ?»

«አለ።»

«ጥሩ አገር ነው» አሉ።

ጎማው ተጠግኖ ሲገጠም «አባባ፣ ቦታ ልያዝልዎ?» አልኳቸው።

«እኔ አልሄድም» አሉና ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጎጆ በበትራቸው አሳዩኝ። ቤታቸው እዚያው ነበር።

በርጩማዋን አንስተው፣ አቧራዋን በመዳፋቸው ጠርገው፣ ወደ ቤታቸው አቀኑ። ያን ሁሉ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙት እኔ ስለተቀመጥኩባት ነው።

ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ መጣሁ።

እናንተስ መንገድ ላይ ያሳረፋችሁ፣ ስሙን ሳትጠይቁ የተለያችሁት ሰው አለ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ዛሬ ከድካም ብዛት እንቅልፍ እንኳ እምቢ ብሎኛል።