የእማሆይ ሕመም በእኔ ስም

ነገሩ የሆነው አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የማልረሳው፣ ዛሬም ደባርቅ ውስጥ ሴቶች መንገድ ላይ አስቁመው “ማህፀንሽ ተሻለሽ?” ስለሚሉኝ ነው። እኔን ደግሞ ማህፀኔን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም።

የታመሙት አክስቴ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ጭነው ዳባት የሚኖሩ፣ በነገር የማይረቱ እማሆይ።

አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው ሲያስቀድሱ አገኘኋቸው። እኛ ዘንድ ከቅጥር ውጭ የምትቀረው ደም ወይም ፈሳሽ ያለባት ሴት ናት። እሳቸው ግን የወር አበባ ከተዋቸው ዘመን የለውም። ስስማቸው ጉንጫቸው ይፋጃል።

“ማህፀን እንዳይሆን፤ ሐኪም ቤት እንሂድ” ብላቸው ሳቁብኝ።

“መነኩሴ ምን ማህፀን አላት? ከነትዳሩ ትቼዋለሁ። ጠበሌ ይበቃኛል።”

እንዳይሞቱብኝ ፈራሁ። ስለዚህ ዋሸሁ። “እንግዲያው እኔን ነው ያመመኝ፤ ብቻዬን አፍራለሁ፣ አብረውኝ ይሂዱ” አልኳቸው። ለእኔ ሲሆን ወዲያው ተነሡ።

ሐኪም ቤት የተቀበለችን ሴት ሐኪም ምኔን እንዳመመኝ ጠየቀችኝ። “ሆዴን” ብቻ አልኩ። እማሆይ ተቆጡ።

“ምን ትደብቂያታለሽ! ከእምብርቷ በታች ይወጋታል፤ የሚወርዳት ፈሳሽ ይሸታል፣ ደምም አለው። ሲመሽ ያንቀጠቅጣታል። ስኳርም አለባት!”

“ዕድሜዋስ?” አለች ሐኪሟ።

“ሰባ ሁለት” አሉ ሳያስቡት።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ “እስቲ ባለ ሰባ ሁለቷ አልጋው ላይ ትውጣልኝ” አለች። እማሆይ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ግን ወጡ።

ምርመራው የሚያስቅ አልነበረም። ማህፀናቸው መግል ቋጥሯል። በእርጅና የማህፀን አንገት ሲጠብ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ኢንፌክሽን ቶሎ ይበረታበታል አለችን። ቢዘገዩ ወደ ደማቸው ይገባ ነበር። ካንሰርም ሊኖር ስለሚችል መግሉን አውጥታ ናሙና ላከች። ውጤቱ ደህና መሆኑን እስክንሰማ እህል አልበላ አለኝ።

እማሆይ ድነው ዳባት ሲገቡ፣ እኔን ሲያስታምሙ እንደሰነበቱ ላገኙት ሁሉ አወሩ። ወሬው ደባርቅ ቀድሞኝ ገባ፤ ለባሌ ሳይቀር ታዘነለት። መጀመሪያ በግኜ ነበር። አሁን አላስተባብልም።

በቀደም አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት በሬን አንኳኩ።

“ያንቺው ዓይነት ሕመም የጀመራት ጎረቤት አለችኝ” አሉ መሬት መሬት እያዩ። “ሐኪሟ ሴት ናት አሉ፤ እውነት ነው?”

“እውነት ነው፣ እማማ። ጎረቤትዎን ይዘን እንሂድ” አልኳቸው።

ሁለታችን ብቻ ሄድን።