ሦስተኛው ኖዝል

መኪናዋ ሕመሟን ያሳየችኝ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ሽንኩርት አራግፌ ከምኒልክ አደባባይ ወደ አፍንጮ በር ስመለስ ዳገቱ ላይ ጉልበት አጣች። ነዳጅ ስሰጣት ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትሄድም። በስፖኪዮ ሳይ ከኋላዬ ያለው ታክሲ በጥቁር ጭስ ተውጧል።

መኪናዋን ከአባቴ ተረክቤ መንዳት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። አራት ሲሊንደር ያላት፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የማታውቅ፣ ያረጀች የጭነት መኪና ናት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አትክልት ጭኖባታል። ጉልበቱ ሲደክም ሊሸጣት አሰበ፤ እኔ ደግሞ የቢሮ ሥራዬን ለቅቄ "እኔ እነዳታለሁ" አልኩት። እናቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። አባቴ ግን ቁልፉን ሰጠኝ።

በማግስቱ የሰፈራችን መካኒክ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ብቻ ስለ መኪና ሲያወራ እኔን አያየኝም። ጭሱን አየ፣ ነዳጅ ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አደረገና ወደ አባቴ ዞረ።

"ጋሼ፣ ሞተሩ አርጅቷል። ወርዶ መታደስ አለበት።"

"ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ቢሆንስ?" አልኩት።

"እህቴ፣ ኖዝል እንዲህ አያደርግም" አለኝና ወሬውን ከአባቴ ጋር ቀጠለ። አባቴ ፈገግ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ይሄ ገረመኝ። አባቴ ከመካኒክ ጋር ሳይከራከር የተለያየበትን ቀን አላስታውስም። በሆዴ ተቀየምኩት።

ሞተር ማውረድ ማለት መኪናዋ ወር ያህል ትቆማለች ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እቤታችን በር ላይ ራሳችን እንድንፈትሻት ወሰንኩ። ኮፈኗን ከፈትን። አስነሳኋት። አባቴ እንደ ልማዱ ረጅሙን ካቻቢቴ አመጣና ጫፉን ኖዝሎቹ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ እያደረገ በየተራ አዳመጣቸው።

"ሁሉም አንድ ናቸው። ደህና ናቸው" አለ።

እኔ ከመሪው ጀርባ ተቀምጬ ሞተሩ አንድ ምት እየዘለለ ሲሠራ በግልጽ ይሰማኛል። አጠፋሁትና "አባዬ፣ እስኪ እንደገና አዳምጣቸው" አልኩት። ኮፈኑ ስለጋረደን አንተያይም። ደግሜ ጠራሁት። ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብዬ ስጠራው ማዶ ያሉት ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ አሉ፤ አባቴ ግን ከኮፈኑ ጀርባ ብቅ አላለም።

ወርጄ ሳይ ካቻቢቴውን በጨርቅ ይጠርጋል። ፊቱ ቆምኩ።

"አባዬ፣ አትሰማም እንዴ?"

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። "ግራ ጆሮዬ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው" አለ። "ቀኙም ዘንድሮ ተከተለው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሾፌር ጆሮው ከሄደ ምን ቀረው? ደግሞ ብነግርሽ አንቺ ለእናትሽ፣ እናትሽ ለሰፈሩ ነው።"

የተቀየምኩበት ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ። የመካኒኩን ቃል አምኖ ሳይሆን አንዱንም ሳይሰማ ነው ራሱን ሲነቀንቅ የነበረው። ነገሩን ሁሉ አሁን ፊት ለፊት ቆሜ ነገርኩት። ከንፈሬን እያየ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ "ሞተሩ ይውረድ" የሚለው ጋ ስደርስ ፊቱ ተቆጣ።

"ሕመሙን ሳይለዩ ማውረድ ምን የሚሉት ነው? ነይ። እኔ ልንገርሽ፣ ጆሮው አንቺ ጋ አለ።"

ነዳጁን ከሚገፋው ፖምፓ ወደ እያንዳንዱ ኖዝል አንድ አንድ ቀጭን የብረት ቱቦ ይሄዳል። ሞተሩ እየሠራ የአንዱን ቱቦ ማሰሪያ ትንሽ ካላላሁት ያ ኖዝል ነዳጅ ይቋረጥበታል። ሲሠራ የነበረ ከሆነ የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል። ድሮም የማይሠራ ከሆነ ምንም አይለወጥም።

"ጣትሽን ከሚረጨው አጠገብ እንዳታደርሺ" አለኝ። "ቆዳ የሚበሳ ግፊት ነው።" መነጽሩን አውልቆ አደረገልኝ፤ ማሰሪያው ላይ ወፍራም ጨርቅ ጣል አደረገበት።

አንደኛውን አላላሁት። ሞተሩ ተንገጫገጨ፣ ድምፁ ወረደ። መልሼ አጠበቅሁት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን አላላሁት፤ ምንም የለም፤ ሞተሩ ልክ እንደ ቅድሙ መንቀጥቀጡን ቀጠለ። ቀና ብዬ ለአባቴ ሦስት ጣቴን አሳየሁት። አራተኛው ደህና ነበር።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

እንደዚያም ሆኖ አባቴ በዚህ አልረካም። ችግሩ የሲሊንደሩ ቢሆንስ? ሞተሩን አጥፍተን፣ ሦስተኛውንና አንደኛውን ኖዝል ፈትተን፣ የመዳብ ቀለበቶቻቸውን በአዲስ ቀይረን ቦታ አለዋወጥናቸው። አስነስቼ እንደገና ፈተሽኩ። አሁን ሦስተኛው ሲሊንደር በደንብ ይሠራል፤ የሞተው አንደኛው ነው። ሕመሙ ከኖዝሉ ጋር አብሮ ሄዷል። ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

አራቱንም ፈትቼ ፖምፓና ኖዝል ወደሚሠራ ባለሙያ ይዣቸው ሄድኩ። መሞከሪያ መሣሪያው ላይ ሲጭናቸው ሦስቱ ነዳጁን እንደ ጉም በተኑት። አንዱ ግን እንደ ተበላሸ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ጫፉን በአዲስ ቀየረልኝ። መልሼ የገጠምኳቸው እኔ ነኝ፤ አባቴ ከአጠገቤ ሆኖ የማጥበቂያውን ልክ በእጁ ምልክት እያሳየኝ።

ሰኞ ጠዋት ዳገቱን ሙሉ ጭነት ይዤ ያለ ጭስ ወጣሁት። መካኒኩ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነበርና አቆምኩለት። ኮፈኗን ከፍቶ ብዙ አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"እንዴት ለየሽው?"

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና "ሳልፈትሽ ነው የተናገርኩት። አጥፍቻለሁ" አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ መኪናዋ የሚያወራው ከእኔ ጋር ነው።

አባቴን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ግን ከኖዝሉ ይልቅ ብዙ ለፋሁ። ለእናቴ ራሱ እንዲነግራት ለመንኩት፤ ነገራት። እሷም ከጠረጠረች ቆይታለች፤ "ሬዲዮውን ለምን እንደምታስጮኸው ይገባኛል" አለችው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ጠዋት ሳልጠራው መጥቶ መኪናዋ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠና "በይ ውሰጂኝ" አለኝ። ግራው እንደማይመለስ ተነገረን። ለቀኙ የመስሚያ መሣሪያ ተሰጠው።

ከሐኪም ቤቱ እንደወጣን ጥርት ብሎ የሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ታክሲ የሚያስሞላ ወያላ ጩኸት ነበር።

"ይሄንንስ አለመስማቱ ይሻለኝ ነበር" አለ።

መሣሪያውን ግን አላወለቀውም።