የአህያው ዓይን

እንዲህ ያለ ደንበኛ ለጠላትም አይስጥ! ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሬስቶራንት ያላቸው እትዬ ብርሃኔ አንድ ተራራ በሦስት ዓይነት አሳሳል፣ በታብሌት ሣልልኝ አሉኝ። በሦስቱም ላይ ከተራራው ሥር ወደ ጎን ዞሮ አህያ የሚነዳ ገበሬ ሣልኩ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሚመስለው በመጀመሪያው ላይ አፈጠጡ፤ የገበሬው አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። «ባንድ ዓይን የሚሣለው እኮ ኃጢአተኛ ነው!»

ኤዲት አድርጌ ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩለት።

«አህያውስ ምን በደለ?»

ለአህያውም ጨመርኩ።

ሁለተኛውን፣ ሆን ብዬ ያደበዘዝኩትን አዩ። «እዚህ ጭራሽ ዓይን የለም!»

«እትዬ፣ ስታይሉ ነው!»

ሦስተኛውን፣ የገበሬውን ፊት ቆራርጬ የገጣጠምኩትን ሲያዩ ግን ደስ አላቸው። «ይሄስ ሁለት አለው፣ ተመስገን።»

ተገላገልኩ ብዬ ስነሣ ስልካቸውን አወጡ። «ቆይ፣ ይሄን ሰውዬ መጀመሪያው ላይ ጨምርልኝ። ባንድ ዓይን።»

ፎቶውን አየሁት። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሬስቶራንት ባለቤት ነው።