የኦሎምፒያው ተጠባባቂ

ካዛንቺስ የምሠራበት ክሊኒክ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች የአንጎል ምርመራ ያደርጋል። ራስ ላይ ሽቦ ይለጠፋል፣ ማሽኑ የአንጎሉን ሞገድ ይቀዳል፣ የተቀዳው ሰርቨራችን ላይ ይቀመጣል። ወረቀት የለው፣ ፊልም የለው፣ ሌላ የትም አይገኝም። ኮምፒውተሮቹ ደግሞ የእኔ ኃላፊነት ናቸው።

የክሊኒኩን ባለቤት፣ ዶክተሩን፣ ሁለተኛ ሰርቨር እንዲገዛ ለምኜ ለምኜ አፌ ደርቆ ነበር። የሰፈሩ ግማሽ ፈርሷል፣ ግማሹ ይገነባል፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ይውላል። አንድ ቀን ይቃጠላል ስለው "አፍሽን በዳቦ፤ ምን ያሟርትሻል?" ይለኛል። እኛ ዘንድ ለክፉ ቀን የሚዘጋጅ ሰው ክፉውን ቀን የጠራ ይመስላል። በስንት ጭቅጭቅ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተገዛልኝና ኦሎምፒያ ያለው ቅርንጫፋችን ዕቃ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት። የካዛንቺሱ ሰርቨር በየሰዓቱ የመረጃውን ቅጂ ይልክለታል፤ ዋናው ቢሞት ሥራውን ወደ ኦሎምፒያው ማዞር ብቻ ነው። ቅጂ ሳይደርሰው ሲቀር በስልኬ መልእክት እንዲልክልኝም አዘዝኩት። ሞከርኩት፣ ሠራ። ያን ሰሞን የሚያክለኝ አልነበረም።

አንድ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ ድው አለና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ዲስኮቹም አብረው ሄደዋል። ዶክተሩ እየሮጠ ሲመጣ "ችግር የለም፣ ኦሎምፒያ አለልን" አልኩት፣ ሻይ እንደሚያዝዝ ሰው ተረጋግቼ። ኮሪደሩ ላይ በእኔ ዕድሜ የምትሆን እናት ልጇን ታቅፋ የትናንቱን ምርመራ ውጤት ትጠብቃለች። ልጁ ለምርመራው ሲባል በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን አቁሞ፣ እንቅልፍም ሳያይ አድሮ ነበር የመጣው። በዚያ ሌሊት እጇ ላይ ደጋግሞ እንደጣለው ለነርሷ ስትነግራት ሰምቻለሁ።

ኦሎምፒያው ግን አልመልስ አለኝ። ብሞክር፣ ብሞክር፣ ዝም።

ታክሲ ያዝኩ። ኡራኤል ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ፤ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። አምላኬን፣ ኔትወርክ ብቻ አድርገው፣ የተቋረጠው ኔትወርክ ይሁንልኝ እያልኩ ለመንኩት። በሕይወቴ ለኔትወርክ መቋረጥ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅርንጫፉን የሚያጸዱትና የሚጠብቁት እናት የዕቃ ክፍሉን ከፈቱልኝ። ኮምፒውተሩ ወፍራም ገበር ባለው ነጭ ዳንቴል ከላይ እስከ ታች ተሸፍኗል።

"ራሴ ነኝ የሠራሁለት" አሉኝ ደስ ብሏቸው። "አቧራ ጠላቱ ነው ብለሽኝ የለ? ከትናንት ወዲያ ማታ አለበስኩት። አያምርም፣ ልጄ?"

ብዬ ነበር። እንደ ዓይንዎ ይጠብቁልኝ ብዬ አደራ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። መተንፈሻው ሲታፈንበት ግሎ ራሱን አጥፍቷል። ችግር ሲኖር እንዲነግረኝ ያዘዝኩት እሱኑ ስለነበር፣ ከጠፋ በኋላ ማን ይንገረኝ? እኔም ሰላም ነው ብዬ ተኝቻለሁ።

"ያምራል፣ እማማ" አልኳቸው። መጮህ ፈልጌ ነበር፤ የምጮህበት ሰው አጣሁ።

ዳንቴሉን ገፍፌ አበራሁት። የመጨረሻው ቅጂ የከትናንት ወዲያው ነው። የዓመታት ሕመምተኞች ሁሉ አሉ፤ የልጁ ምርመራ የለም። በስሙ ፈለግኩ፣ በካርድ ቁጥሩ ፈለግኩ፣ በእናቱ ስልክ ፈለግኩ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እማማ ውኃ ይዘውልኝ መጡ፤ ለምን እንደማለቅስ ልነግራቸው አልቻልኩም።

ካዛንቺስ ስመለስ ሥራው ሁሉ በኦሎምፒያው ቀጥሏል። ዶክተሩ "እንኳንም ጨቀጨቅሽኝ" አለኝ። ትናንት የተቀዱት ሌሎቹ ለክትትል የመጡ ናቸው፤ ሌላ ቀን መጥተው ይቀዳሉ። ለእናትየው ግን ራሴ ልንገራት ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"የልጅሽ ምርመራ ጠፍቷል። እንደገና መቀዳት አለበት።"

"እንደገና ማለት፣ መድኃኒቱን ላቆምበት?"

"አዎ።"

"ሳይተኛ ሊያድር?"

"አዎ። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።"

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ጎንበስ ብላ የልጁን የጫማ ማሰሪያ አጠበቀች።

"ያን ሌሊት ብቻዬን ነበርኩ" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "ለእሱ የተከለከለው እንቅልፍ እኔን ሊወስደኝ ሲል ፊቴን በውኃ እየመታሁ ነው ያደርኩት። ትንሽ ብሸለብና ቢጥለው ማን ያይልኛል? በቃ፣ አሁን አቅም የለኝም።" ከዚያ አየችኝ። "መጥተሽ አብረሽኝ ታድሪያለሽ?"

"አድራለሁ" አልኳት።

ቤቷ ቄራ መሆኑን ነገረችኝ። ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት። እዚያው ፊቴ ቆማ ደወለችልኝ፤ መጥራቱን በጆሮዋ ሳትሰማ አልሄደችም።