ክሬን ማን ነካብኝ

ጅማ ውስጥ እንደኔ መኪና የሚነዳ ካለ ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ። የስፌት መኪና ማለቴ ነው፤ ሌላውንማ የሚነዱት ጓዶች ናቸው። ሱሪ ጠዋት ለክቼ ከዙሁር ሶላት በፊት ተኩሼ አስረክባለሁ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ የቀረውን መሠረተ ትምህርት ሞላልኝ። እጄ ግን ዲግሪ አለው። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ግን አምና በማን እጅ ላይ እንደተቀለደ እንድታውቁት ብዬ ነው።

አንድ ነገር አለብኝ። ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ሁለቱም ለእኔ የደረቀ ቅጠል ናቸው። ቡና አገር ተወልዶ እንደዚህ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ልጅ ሆኜ ሰቃ አጎቴ ዘንድ ለለቀማ ይልኩኝ ነበር። አጎቴ ቅርጫቴን ገልብጦ፣ "ይሄም ጥሬ! ይሄም ጥሬ! ያ ኢልማ፣ አንተ ልጅ፣ ዐይንህ የት ሄዶ ነው?" እያለ በጥፊ ያጮለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ቡናውን እየጨመቀ የሚለይ ይመስለኝ ነበር። እየጨመቅኩ ስለቅም ሰነፍ ተባልኩ። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ አፌን ዘጋሁ። የሰውን ልብስ ሰፍቶ የሚያድር ሰው ቀለም አልለይም ብሎ ያወራል እንዴ?

ስለዚህ ቤት ውስጥ ለክሬ የራሴን ሥርዓት አወጣሁለት። ከመኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ጣውላ መታሁ፣ ጣውላው ላይ ሚስማር በረድፍ። ክሩን በበቆሎ ቆረቆንዳ ቁራጭ ላይ ጠቅልዬ ሚስማሩ ላይ እሰካለሁ። ቀይ ከላይ መጀመሪያ፣ አረንጓዴ ከታች መጨረሻ። እንዳይገናኙ ነው። ለቦቢኖቹ፣ ለታችኛው ክር ማለት ነው፣ ከአሮጌ ሱሪ እግር አሥራ ሁለት ኪስ ያለው ጨርቅ ሰፋሁ። እንደ ቀበቶ ይጠቀለላል። እሱም እንደ ጣውላው ነው፤ ቀይ መጀመሪያው ኪስ፣ አረንጓዴ መጨረሻው ኪስ።

ቀበሌ ሱቅ ክር ሲመጣ፣ መምጣቱም እንደ ብርቅ ነው፣ "ቀይ ስጠኝ" እልና ቀኝ ኪሴ፣ "አረንጓዴ ስጠኝ" እልና ግራ ኪሴ። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ቤቴ እስክደርስ እጆቼን ከኪሴ አላወጣም። ሰው ሰላም ሲለኝ በአገጬ ነው የምመልሰው። ኩራተኛ ነው አሉኝ። ደንበኛ ጨርቅ ሲያመጣ ደግሞ፣ "በምን ቀለም ክር ይሁንልዎ?" እላለሁ። እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ልጅ ነው ተባልኩ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሰፋሁ፣ አንድ ቀን አልተሳሳትኩም።

ከዚያ የቀበሌ ሱቅ ክር ለግለሰብ አይሸጥም ተባለ። ክር የሚሰጠው ለልብስ ሰፊዎች ማህበር ብቻ ሆነ። ማህበር የሌለው መርፌውን ይዞ ጥርሱን ይጎርጉር ማለት ነው። ማህበሩ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ እቀበላለሁ አለ፣ በፈተና። ተፈታኞቹ ሁለት ነን፤ እኔና ከአሰንዳቦ የመጣ አንድ ሰውዬ። የሰውዬውን ስፌት አይቼዋለሁ፣ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ስለዚህ ቦታውን ኪሴ ውስጥ ከትቼው ነበር።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዓርብ የቦቢን ጨርቄን ጠቅልዬ መኪናው ላይ አስቀምጬ ለጁምዓ ሄድኩ። ተመልሼ ሳልፈታ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩት። ራሴ የጠቀለልኩትን ለምን እፈታለሁ?

ማህበሩ ቤት አሥር የሚሆኑ አባላት ቁጭ ብለው ያያሉ። ሊቀመንበሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ። ጨርቅና የላይኛውን ጥቅል ክር ለሁለታችን ሰጡን።

"አረንጓዴ ካኪ ነው፣ ክሩም አረንጓዴ። የሚሊሻ ሸሚዝ፣ ባለ ሁለት ኪስ። ቦቢኑን ከየራሳችሁ። እስከ ዙሁር ጨርሱ" አሉ።

የጨርቄን ጫፍ ገለጥ አድርጌ ከመጨረሻው ኪስ ቦቢኑን መዘዝኩ፣ አጎረስኩት ለመኪናው። የአሰንዳቦው ሰውዬ ወደ እኔ ቀና አለ፣ ቦቢኔን አየ፣ ፈገግ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ፍጥነቴን ያደነቀ መስሎኝ ጥቅሻ ሰጠሁት! እስካሁን ያ ጥቅሻ ያንገበግበኛል።

ቀድሜ ጨረስኩ። ሸሚዙን አራግፌ ሰጠኋቸውና ሻይ የለም እንዴ ብዬ ቀለድኩ። ሊቀመንበሩ የሸሚዙን ፊት አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ማሻአላህ" አሉ። ከዚያ ገለበጡት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ኪስ ነው።"

"ክሩን ነው የምልህ። ውስጡ በሙሉ ቀይ ነው እኮ!"

ነገሩ ገባኝ። አፌ ግን ቆሞ አያውቅም፤ "ፋሽን ነው" አልኩ።

"ለሚሊሻ ፋሽን? ኧረ ማሎ! ቆስሎ የመጣ አስመሰልከው እኮ!"

አባላቱ ሳቁ። ሽማግሌው ግን ደግ ሰው ናቸው። "የችኮላ ነው፣ ይደርስብናል። ፍታውና በአረንጓዴ ድገመው፣ ሰዓት አለህ" አሉኝ። ደግነታቸው ነው የገደለኝ። የቦቢን ጨርቄን ሙሉ በሙሉ ዘረጋሁት። ነጩ ያለ ቦታው፣ ሰማያዊው ያለ ቦታው። ሰው ነክቶታል። መሀል ላይ ሦስት የደረቀ ቅጠል የሚመስሉ ቦቢኖች አሉ። አንዱን አነሳሁ። የሊቀመንበሩ ቅንድብ ከመነጽራቸው በላይ ወጣ። መልሼ ሌላውን አነሳሁ።

"ቡኒ ነው እሱ" አሉኝ ቀስ ብለው።

ወደ አሰንዳቦው ሰውዬ ዞርኩ። ከልጅነቱ ጀምሮ መርፌ አይቶ የማያውቅ ይመስል መርፌውን ያጠናል። ያኔ ፈነዳሁ።

"አይታየኝም! ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ነው ለእኔ! ስትስቁ የነበራችሁ በሙሉ ሳቁ እንግዲህ!"

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። በሽተኛ እንደሚያዩ ነው ያዩኝ፣ እኔን!

"ስንት ዓመት ሰፋህ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ስድስት።"

"ስድስት ዓመት በሙሉ ሳትሳሳት?"

"ሰው ካልነካብኝ አልሳሳትም!"

አረንጓዴውን ራሳቸው መርጠው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ስፌቱን በምላጭ ፈታሁና ሸሚዙን እንደገና ሰፋሁት፣ በንዴት። መኪናው ያን ቀን አለመቃጠሉ ይገርመኛል። የዙሁር አዛን ሳይል አስረከብኩ። ሊቀመንበሩ የሁለታችንን ኮሌታ ጎን ለጎን ይዘው ጎተቱ። የአሰንዳቦው ቀኙ ከግራው አንድ ጣት ይበልጣል።

"ቦታው ያንተ ነው" አሉኝ። "ክር ግን እኔ እየመረጥኩ እሰጥሃለሁ። በየቀኑ ጠዋት ትጠይቀኛለህ።"

በየቀኑ ጠዋት! እኔ፣ እንደ ሕፃን እጄን ዘርግቼ! ለማህበሩ ስል እሺ አልኩ። ግን ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው።

ወሬው ቀድሞኝ ነበር የወጣው። የጅማ መርካቶ ሳልደርስ አንዱ ጎማ የሚያስነፋ ልጅ ቲሸርቱን ገትሮ፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ምን ቀለም ነው?" አለኝ። ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ ቲማቲም አንስታ፣ "ይሄስ?" አለችኝ። "ሴትዮ፣ ቲማቲም እኮ ነው፣ ዕውር አይደለሁም!" አልኳት። አጨበጨበችልኝ። ወላሂ አጨበጨበችልኝ።

ቤት ስደርስ እየጮህኩ ነው የገባሁት። "ክሬን ማን ነካብኝ?"

ተከራያችን ብቅ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ኮሌጅ ላብራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ የሚደረድር ልጅ ነው። ጫማውን እንኳ አልጋው ሥር በመስመር ነው የሚያቆመው። ፊቱ ሽልማት የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

"አየኸው? ለፈተናው ብዬ ነው። ጥቁርና ነጩን አስቀደምኩ፣ ሌላውን በቀስተ ደመና ተራ አደረግኩልህ፣ ቀይ መጨረሻ ላይ። ዝብርቅርቁ ወጥቶ ነበር እኮ።"

"ዝብርቅርቅ? የእኔን ሥርዓት ነው ዝብርቅርቅ የምትለው? ሳትጠይቀኝ?"

"እናትህን ጠይቄ ነው!"

እናቴ ከጓዳ ወጣች። "እኔ ነኝ ያልኩት፣ ልጄ። ያምራል ብዬ ነው።"

ያልነገርኩትን ሁሉ እዚያው ነገርኳቸው። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ለእኔ እንኳ አትነግረኝም ነበር?" አለች። "ትንሽ ሆኜ ነግሬሽ ነበር። ምክንያት አታብዛ አልሽኝ" አልኳት።

ተከራዩን መሬት ላይ አስቀመጥኩትና ጨርቁን ፊት ለፊቱ ገለበጥኩበት። ቦቢን እያነሳ ቀለሙን ይጠራል፣ እኔ ወደ ኪሱ እመልሳለሁ። ስለማላምነው እናቴን አጠገቡ አቁሜ እያንዳንዱን አስመሰከርኩ። ላብ አጠመቀው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ግን የላብራቶሪ ጠባዩ አስቸገረው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ? አትቆጣ። ቀስተ ደመና ለአንተ ምን ይመስላል?"

"ሁለት መስመር ነው። ዝም ብለህ ጥራ።"

"ደምስ? ደም ምን ይመስልሃል?"

"ስማ" አልኩት፣ "ሁለተኛ ክሬን ብትነካ ዐይንህን በቡጢ መትቼ ምን ቀለም እንዳወጣ ሰው ጠይቄ እነግርሃለሁ።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትስቅ ታልቅስ አላወቅኩም። እሱም መሳቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው።

"እየቀለድክ ነው አይደል?"

"አረንጓዴውን ስጠኝ" አልኩት።